ወንዝም ባህርም የሌለው ከተማ የጭነት ዋጋ፦ ከድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ንግድ ወሬ ከተነሳ መጨረሻው ማጓጓዣ ነው። ቀፊራ ገበያ ብትሄዱ፣ ታይዋን የሚባለው የከተማችን ገበያ ብትገቡ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ይዛችሁ ብትቀመጡ ያው ነው። አንዱ ስለ አውሮፓው ራይን ወይም ስለ አሜሪካው ሚሲሲፒ ወንዝ ቪዲዮ አይቶ ይመጣና "እኛም ወንዝ ቢኖረን ኖሮ" ይላል። ሌላው "ባቡሩ እያለ ምን ወንዝ ያስፈልገናል?" ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ ክርክሩ ይጦፋል። ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በወንዝ ማጓጓዝ እውነት ያን ያህል ርካሽ ነው?

ሁኔታው ከተሟላ አዎ። ሚሲሲፒ ላይ የሚሠራበትን ጀልባ እንይ። ባርጅ ይባላል። ሞተር የለውም፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አንዱ 1,400 ቶን ገደማ ይይዛል። አሥራ አምስቱን አንድ ላይ ያስሩና አንዲት ገፊ መርከብ ከኋላ ሆና ትነዳቸዋለች። 20 ሺህ ቶን ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ጭነት በኛ መንገድ እናምጣው ብንል 40 ቶን የሚጭን ተሳቢ 500 ያህል ያስፈልገናል። አምስት መቶ ሹፌር፣ አምስት መቶ ረዳት፣ ጎማው፣ ናፍጣው፣ የመንገድ ላይ ወጪው። እዚያ ግን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው የሚያደርሱት። ከሴንት ሉዊስ ከተማ በታች ደግሞ ወንዙ ላይ የመዝጊያ በር (ጀልባ ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚሻገርበት) ስለሌለ ከ30 በላይ ጀልባ አስረው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነገርም። መንገዱን የሚሠራው ጀልባው አይደለም። በራይን ላይ ከ1868 የማንሃይም ስምምነት ጀምሮ የመተላለፊያ ክፍያ የለም። አሜሪካ ውስጥ ጀልባዎቹ በጋሎን ነዳጅ 29 ሳንቲም ግብር ይከፍላሉ። ገንዘቡ ለግንባታ ይረዳል እንጂ የመዝጊያ በሮቹን የዕለት ተዕለት ሥራና ጥገና የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ስለዚህ "ወንዝ ርካሽ ነው" ሲባል ከፊሉ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፣ ከፊሉ የመንግሥት ኪስ ነው። ድጎማ የሌለበት ርካሽ መንገድ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ሦስተኛው፣ ጭነቱ መቸኮል የለበትም። እህል፣ ከሰል፣ ጠጠር፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ። በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ ማንም አይቆጣም።

ወንዙ ሲደርቅስ?

ያኔ ዋጋው ይሰቀላል። ራይን ላይ ካውብ የሚባል ቦታ አለ። ወንዙ እዚያ ጋ ጠባብና ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። የካውብ የውሃ መለኪያ በጥቅምት 2018 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር፣ በነሐሴ 2022 ደግሞ ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር። ይህ የመለኪያው ንባብ ነው። ጀልባ የሚያልፍበት መስመር ከዚያ ይጠልቃል። ቢሆንም ሙሉ ጭነት ይዞ ማለፍ የማይታሰብ ሆነ። ጀልባዎች ከአቅማቸው ሲሶውን ወይም ሩቡን ብቻ ጭነው ሄዱ። አንድ ጀልባ ይጭነው ለነበረው አሁን ሦስት አራት ጀልባ ተፈለገ። የጀልባው ቁጥር ግን ያው ነው። ዋጋውን የሰቀለው ይሄ ነው።

እዚያ ያለ ነጋዴ ታዲያ ይህንን በውሉ ውስጥ ያስገባዋል። የካውብ መለኪያ ከዚህ ቁጥር በታች ከወረደ ይህን ያህል ተጨማሪ ክፍያ ይላል ውሉ። ጭቅጭቅ የለም፣ ቁጥሩን አይቶ መክፈል ነው። የኛ የጭነት ውሎች እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ቢኖራቸው ብዬ አንዳንዴ እመኛለሁ። መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ ወይም ናፍጣ ሲጠፋ ማን ምን ያህል ይሸከማል የሚለው እኛ ጋ የሚወሰነው ስልክ ላይ በመጯጯህ ነው።

የወንዙ ጀልባ ለምን ዝም ብሎ ባህሩን አያቋርጥም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ብልህ ሰዎች ይህን ሊፈቱ ሞክረዋል። የወንዝ ጀልባ ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ነው። ማዕበል ከመጣ ይሰበራል። የባህር መርከብ ደግሞ ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይርቅ አሸዋ ላይ ይቀመጣል። ለሁለቱም የሚሆን መርከብ ሩሲያዎች ሠርተዋል። በ1952 የተከፈተው የቮልጋ ዶን ቦይ ወንዞቹን ከባህር ጋር አገናኝቷል። 5 ሺህ ቶን ገደማ የሚይዙ መርከቦች ከወንዙ ተነስተው ጥቁር ባህር ይደርሳሉ። ግን ለባህር ሲባል ጠንክሮ የተሠራው አካል ለወንዝ ይከብዳል። ለወንዝ ሲባል የተቀነሰው ጥልቀት ደግሞ ለባህር ያንሳል። ማዕበሉ ከተወሰነ ከፍታ ካለፈ አይወጡም። በብርዱ ወራት ደግሞ ወንዙ በረዶ ይሆናል።

አሜሪካኖች ሌላ መላ መቱ። በ1969 አካዲያ ፎረስት የተባለች መርከብ ሥራ ጀመረች። ይህች መርከብ ጭነት ሳይሆን ጀልባዎቹን እንዳሉ ታነሳለች። ከ70 በላይ ጀልባ ከነጭነታቸው በክሬን ሆዷ ውስጥ ታስገባና አትላንቲክን ታቋርጣለች። አውሮፓ ስትደርስ ውሃው ላይ ታወርዳቸውና ወንዝ ወንዙን ይሄዳሉ። መሃል ላይ ጭነቱን የሚነካው ሰው የለም። ሐሳቡ ያምራል። ግን ኮንቴይነር ቀደመው። ኮንቴይነር መርከብም ባቡርም መኪናም ላይ ይቀመጣል። ያ ጀልባ ግን ውሃ ላይ ብቻ ነው። መርከቧ ውድ፣ ጀልባዎቹ የትም ተበትነው የሚቀሩ ሆኑና ሥራው እየከሰመ ሄደ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ሁሉም የሚሸሹት ወጪ አንድ ዓይነት ነው። ዕቃ ከአንዱ ማጓጓዣ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚወጣውን። ኪሎ ሜትሩ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው መነሳትና መቀመጡ፣ መሃል ላይ ተገትሮ መጠበቁና ባዶ መመለሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዙት።

አዋሽስ? ዋቢ ሸበሌስ?

አዋሽ ባህር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባህሩ አፍንጫው ስር ነው፣ ግን አይነካውም። ዋቢ ሸበሌም ሶማሊያ ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ህንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይሰወራል። ከተማችንን የሚያቋርጠውን ደቻቱን የጠየቃችሁኝ ሰዎች ደግሞ እየቀለዳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ደቻቱ አሸዋ ነው። ሲመጣም በ2006 እንደመጣው ነው የሚመጣው። ያኔ ከተማው ከ200 በላይ ሰው አጥቷል።

ኢትዮጵያ ግን በወንዝ ነግዳ አታውቅም?

ታውቃለች። ባሮ ላይ። በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። ጋምቤላ ከተማ የቆመችው በዚህ ነው። ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ አባይና በሶባት አድርገው ባሮን እየወጡ ጨውና ጨርቅ ያመጡ ነበር። ሲመለሱ ከኢሉባቦርና ከወለጋ በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደውን ቡና ይጭናሉ።

ግን ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ መርከቡ የሚደርሰው ክረምት ላይ ውሃው ሲሞላ ብቻ ነው። ወሩን የሳተ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ዓመት መጠበቅ ነው። በጋውን ሙሉ ሥራ የለም፣ መጋዘኑ ግን ይቆጠራል፣ ብድሩም ይወልዳል። ሁለተኛ፣ ወንዙ ራሱ ባህር አያደርስም። ከካርቱም በታች አባይ ላይ ፏፏቴዎች አሉ። ስለዚህ ቡናው ካርቱም ሲደርስ ከመርከብ ይወርድና ባቡር ላይ ይጫናል። ከዚያ በ1909 ወደተከፈተው ፖርት ሱዳን ይሄዳል፣ እዚያም ወርዶ እንደገና መርከብ ላይ ይወጣል። ቁጠሩት፦ ከበቅሎ ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መርከብ። በየቦታው ጫኝ አውራጅ፣ በየቦታው የሚቀደድ ጆንያ።

በእኛ በኩል የነበረው የድሮው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ዓመቱን ሙሉ ይሠራ ነበር፣ ዕቃው አንዴ ከተጫነ እስከ ጅቡቲ አይወርድም ነበር። የመኪና መንገድ ወደ ምዕራብ እየተዘረጋ ሲሄድ የዚያ አገር ቡና ፊቱን ወደዚህ ማዞሩ አይገርምም። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ የጋምቤላው ጣቢያ ዘመንም አበቃ።

እሺ፣ ባቡሩ ወንዛችን ነው እንበል። ታዲያ ዋጋ ለምን አልወረደም አቦ?

በጣም የሚጠየቀው ይሄ ነው። መልሱም ብዙ ድሬዎችን አያስደስትም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ ላይ መደበኛ ሥራ ጀመረ። መስመሩ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የጭነት ባቡር ከመቶ በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይዞ ይመጣል። በወረቀት ላይ መኪና የሚወዳደረው አይደለም።

ድሬዳዋ ግን ለጅቡቲ ቅርብ ናት። በድሮው ባቡር መስመር 311 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ቅርበት ጥቅም አይደለም።

ለምን? አንድ ኮንቴይነር በባቡር ሲመጣ ከመርከብ ይወርዳል፣ ወደብ ግቢ ይደረደራል፣ ተነስቶ ፉርጎ ላይ ይቀመጣል፣ ድሬ ሲደርስ ይወርዳል፣ እንደገና ተነስቶ መኪና ላይ ይጫናል፣ ከዚያ ሱቁ ወይም መጋዘኑ በር ይደርሳል። አዲሱ ጣቢያ እንደ ድሮው ለገሀር መሃል ከተማ አይደለም፣ ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ጥቂት ኪሎ ሜትር ያለ መኪና አትጨርሷትም። በመኪና ቢመጣ ግን ወደቡ ላይ አንዴ ይጫናል፣ ድንበሩ ላይ ያለችውን ደወሌን አልፎ በቀጥታ በራችሁ ይቆማል።

በስሌት እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል እኔ ያመጣኋቸው ናቸው፣ ታሪፍ አይደሉም። መኪና በቶን በኪሎ ሜትር 10 ብር ያስከፍላል እንበል። ባቡር 4 ብር ብቻ፣ ግን ለማንሳት፣ ለማውረድና ለመጨረሻዋ መኪና በቶን 2,000 ብር አለበት። በ300 ኪሎ ሜትር መኪናው 3,000 ብር ይወስዳል፣ ባቡሩ 3,200። መኪናው አሸነፈ። አሁን ሞጆ እንሂድ፣ 700 ኪሎ ሜትር እንበለው። መኪናው 7,000፣ ባቡሩ 4,800። ባቡሩ በሰፊው አሸነፈ። ያ 2,000 ብር ርቀት በጨመረ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። አጭር መንገድ ላይ ግን ጉሮሮ ላይ እንደቆመ አጥንት ነው።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የአውሮፓ ህብረት በ2011 ባወጣው የትራንስፖርት ዕቅድ ከመኪና ወደ ባቡርና ወደ ውሃ ይዛወር ያለው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደውን ጭነት ነው። ከዚያ በታች ያለውን ለመኪና ተወው። ድሬዳዋ የተቀመጠችው ልክ ድንበሩ ላይ ነው።

ታዲያ ባቡሩ ለድሬ ምን ይጠቅማል? ጭነቱ ብዙ፣ አንድ ዓይነትና መድረሻው ሐዲዱ አጠገብ ሲሆን ይጠቅማል። ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ለፋብሪካ የሚሆን ጥሬ ዕቃ። በ2022 የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ትልቁ ተስፋም ይሄው ነው። ዕቃው ከባቡር ወርዶ እዚያው ከተራገፈ፣ ከተለየ፣ ከተገጣጠመ፣ አንድ መነሳትና መቀመጥ ተቀነሰ ማለት ነው። አምስት ዓይነት ሸቀጥ ያለበት አንድ ኮንቴይነር ለሚያስመጣ የታይዋን ነጋዴ ግን የባቡሩ ፉጨት ከመስማት ያለፈ ብዙም አይመጣለትም።

ለምንድን ነው ኮንቴይነሩ ባዶ ሆኖ ሲመለስም እኔ የምከፍለው?

ምክንያቱም ኮንቴይነሩ የእናንተ አይደለም። የመርከብ ድርጅቱ ነው፣ መልሶ ይፈልገዋል። አገራችን ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው በክብደትም በመጠንም እጅግ ይበልጣል። ሙሉ ሆነው የሚመጡት ኮንቴይነሮች አብዛኞቹ ባዶ ሆነው ይወርዳሉ። ሹፌሩም ባቡሩም የደርሶ መልስ ወጪ አለበት። የመመለሻ ጭነት የሚያመጣለት ሰው ከሌለ የባዶውን ጉዞ ጭምር እናንተ ላይ ያወራርዳል።

ሚሲሲፒ ላይ ከባዱ እህል ወደ ታች ከወራጁ ጋር ነው የሚሄደው፣ ባዶው ወደ ላይ ይመለሳል። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ጅቡቲ ባህር ጠለል ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ሙሉው ሽቅብ፣ ባዶው ቁልቁል። ኃይሉ የሚፈለገው ጭነቱ ባለበት አቅጣጫ ነው።

ከዚህ የሚጠቀመው ላኪው ነው። ባለ መኪናው ባዶ ከሚወርድ በርካሽም ቢሆን ጭኖ መውረድ ይሻለዋል። የሐረር ቡና በባለ 60 ኪሎ ጆንያ ሲሞላ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ያህል ጆንያ ይይዛል፣ ወደ 19 ቶን መሆኑ ነው። ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ጥራጥሬ የምትልኩ ከሆነ የመውረጃ ዋጋ ስትደራደሩ አትፈሩ። መኪናው ባዶውን ሊወርድ እንደነበር እሱም ያውቃል።

ዲመሬጅ ለምን ይህን ያህል ይጎዳል?

ዲመሬጅ ዕቃው ከነፃው ቀን በላይ ሲቆይ የሚከፈለው ነው። የሚጎዳው መቆም ከመሄድ ስለሚበልጥ ነው። ወደብ ላይ የተወሰኑ ነፃ ቀኖች አሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይቆጠራል፣ ቀኑ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የቀኑ ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። የወደብ ማከማቻ አንድ ሒሳብ ነው። የመርከብ ድርጅቱ ኮንቴይነሩን ስላቆያችሁበት የሚጠይቀው ሌላ ሒሳብ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ ሰው ሁለተኛው ሲመጣ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆመው መርከቡም መኪናውም አይደለም፣ ወረቀት ነው። ባንክ ያልለቀቀው ሰነድ፣ ስሙ አንድ ፊደል የተሳሳተ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ያልደረሰ የጥራት ማረጋገጫ። ከትራንዚተር (የወደብና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ጋር ሥራ የሚጀመረው መርከቡ ጅቡቲ ሲደርስ ሳይሆን ከቻይና ሲነሳ ነው። ነፃ ቀኑ ስንት እንደሆነም ዕቃ ሳይጫን በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ከአቅራቢው ጋር ዋጋ ስትከራከሩ ከምታተርፉት ይልቅ ተጨማሪ ነፃ ቀን ብታገኙ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማጓጓዣ ሲጨምር ቀረጥም ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮበት ነው። ማጓጓዣችሁ በ100 ብር ጨመረ እንበል። የዕቃው ቀረጥ 30 በመቶ ከሆነ 130 ገባ። በላዩ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 149 ብር ከ50 ሆነ። ሱር ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ በዚህ ድምር ላይ 10 በመቶ ይጨመራል፣ 164 ብር ከ45 ላይ ደረሰ። መቶዋ ብር ጉምሩክ ገብታ ወለደች።

ማጓጓዣው በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። መርከቡ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር ያለው ማጓጓዣ ከፍ አለ፣ ቀረጡም ተከተለ። "መርከቡ ያው፣ ዕቃው ያው፣ ምን ተፈጠረ?" ለሚሉ ደንበኞች መልሱ ይሄ ነው።

መልቲሞዳል ይሻላል ወይስ ዩኒሞዳል?

መልቲሞዳል ማለት አንድ አጓጓዥ ከውጭ ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ በአንድ ሰነድ ኃላፊነት ይወስዳል። ብዙ ዘመን ይህን የያዘው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። በቅርብ ዓመታት ለግል ኩባንያዎችም ፈቃድ መሰጠት ተጀምሯል። ዩኒሞዳል ማለት ደግሞ መርከቡ ጅቡቲ ያራግፍላችኋል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የእናንተና የትራንዚተራችሁ ነው።

እንደኔ፣ ጅቡቲ ሰው የሌለው ነጋዴ መልቲሞዳል ይያዝ። ዕቃው ቢዘገይም ተጠያቂው አንድ ነው፣ ጣጣውም ድሬ ደረቅ ወደብ ላይ በአማርኛ ያልቃል። ጅቡቲ ጠንካራ ትራንዚተር፣ ዝግጁ መኪናና በቂ የውጭ ገንዘብ ያለው ሰው ግን በዩኒሞዳል ቀን ሊያተርፍ ይችላል። ለድሬ ሰው ይህ ከአዲስ አበባው ይልቅ ይቀለዋል። ጠዋት ተነስቶ ማታ ጅቡቲ ገብቶ ራሱ ሊጨቃጨቅ ይችላል።

ሐረር ያለ ነጋዴ ለምን ከእኛ በላይ ይከፍላል?

የደንገጎ ዳገት። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ አለው። ከባድ መኪና እዚያ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት ያየ ሰው ሒሳቡ ይገባዋል። ይህን ሒሳብ የባቡሩ ሰዎችም ሠርተውት ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነው። ዳገቱ ውድ ሆነባቸውና ከተራራው ግርጌ በሜዳው አለፉ። በ1902 ባቡሩ የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ፣ መጀመሪያም "አዲስ ሐረር" ተባለ። ድሬዳዋ ራሷ የማጓጓዣ ወጪ የወለዳት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ለሐረሮች ይህን ስነግራቸው ብዙም አይስቁም።

ጫት ለምን በባቡር አይሄድም?

አይጠብቅማ። አወዳይ ጠዋት የተቆረጠ ጫት በነጋታው ሌላ ዋጋ ነው። በሰዓት የሚረክስ ዕቃ ውድ ማጓጓዣ ይችላል። በወር የማይረክስ ዕቃ ደግሞ ርካሹን ይጠብቃል። እነዚያ የጫት መኪናዎች እንደዚያ የሚበሩትም በዚህ ምክንያት ነው (ዘገምተኛ ሰው ከመንገድ ገለል ይበል)።

ቀይ ባህር ሲታወክ እኛን ምን ያገናኘናል?

ካርታውን ተመልከቱ። ጅቡቲ ባብ ኤል መንደብ ከሚባለው የቀይ ባህር ጠባብ በር ወዲህ፣ በኤደን ባህረ ሰላጤ በኩል ናት። ከቻይና፣ ከህንድ ወይም ከዱባይ የሚመጣ መርከብ ጠባቡን በር ማለፍ የለበትም። ከአውሮፓና ከቱርክ በስዊዝ የሚመጣው ግን ያልፋል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲጀመር ትልልቆቹ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ያዙ። መርከብ ረጅም መንገድ ሲዞር ያው ቁጥር ያለው መርከብ ያነሰ ጭነት ያደርሳል። ያኔ ቀይ ባህርን ያልረገጠ ዕቃም ዋጋው ይጨምራል። ከካውብ ጋር አንድ ነው፣ ውሃው ሳይጎድል ጀልባው ጎደለ። በዚያ ላይ ለአካባቢው የሚከፈለው የጦርነት ስጋት ኢንሹራንስ አለ፣ እሱ ጅቡቲንም ይነካል።

በርበራስ አማራጭ አይሆንም?

ለጅግጅጋ ሰው በጣም ይሆናል። የሶማሊላንዱ በርበራ አዲሱ የኮንቴይነር ወደብ በ2021 ተከፍቷል፣ መንገዱም በቶጎ ውጫሌ ነው። ለድሬ ግን ጅቡቲ ትቀርባለች፣ ሐዲዱም እዚያው ነው። ጥቅሙ በቀጥታ ከምንጭነው ይልቅ ለመደራደር ነው። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ አሰብ ተዘግቶ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ንግዳችን በአንድ ወደብ ላይ ነው የተንጠለጠለው። አንድ በር ብቻ ያለው ሰው ዋጋ አይከራከርም።

ትንሽ ነጋዴ ነኝ፣ ሙሉ ኮንቴይነር አልሞላም። ምን ላድርግ?

ከሌሎች ጋር መጋራት አለ። ግን መጀመሪያ ዕቃችሁ በክብደት ነው ወይስ በቦታ የሚያልቀው የሚለውን እወቁ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ከፍተኛው ጠቅላላ ክብደት 30,480 ኪሎ ይላል፣ ከስሩ የባዶው ክብደት አለ፣ ከ2,200 ኪሎ ከፍ ይላል። ልዩነቱ የሚጫነው ነው። ሴራሚክ ብታስመጡ ገና ግማሽ ሳይሞላ ክብደቱ ያልቃል። የፕላስቲክ ዕቃ ብታስመጡ ጢም ብሎ ሞልቶ ሚዛኑ ላይ ምንም አይታይም። ሴራሚክ የሚያስመጣና ፕላስቲክ የሚያስመጣ ሁለት ሰው ቢጋሩ ሁለቱም ያተርፋሉ። ሁለት የሴራሚክ ነጋዴዎች ቢጋሩ ግን ወጪውን ተካፈሉ እንጂ ባዶውን ቦታ አልተጠቀሙበትም።

መጋራቱ ጣጣም አለው። የአንዱ ሰነድ ከተበላሸ የሁሉም ዕቃ ይቆማል፣ ነፃው ቀን ግን ይሮጣል። ስለዚህ ማንን ይዛችሁ ነው የምትገቡት የሚለው ከዋጋው በፊት ይመጣል። ወረቀቱን በሰዓቱ የሚያሟላ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ የቀረጡን ብር አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ፈልጉ። ዲመሬጅ ከመጣ በማን ስም እንደሚከፈልም ዕቃው ሳይጫን ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት፣ ቅጂውም በየእጃችሁ ይሁን።